ቴፑን ከመቀየርዎ በፊት፦ የመኪናዎ የብሉቱዝ ሙዚቃ ለምን ይበላሻል?

ቅዳሜ ጠዋት ነው እንበል። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ቀበቶ ታስሯል፣ መንገዱ ወደ ቢሾፍቱ ነው። ስልክዎ ከመኪናው ቴፕ ጋር በብሉቱዝ ተገናኝቷል። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ግን ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ቃሊቲን ሳያልፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቆራረጣል። ከኋላ «ለምን ይቆማል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ከጎን ደግሞ «ይሄ ቴፕ መቀየር አለበት» የሚል ፍርድ ይሰጣል።

ብዙዎቻችን ፍርዱን ተቀብለን በቀጣዩ ሳምንት ወደ መኪና ዲኮር ቤት እንሄዳለን። እዚያ ያለው ባለሙያ ትልቅ ስክሪን ያለው አዲስ ቴፕ ያሳየናል፤ «ስፒከሩም አብሮ ቢቀየር ይሻላል» ይለናል። አንዳንዴ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ቴፑም ስፒከሩም ውስጥ ሳይሆን ስልኩ ላይ፣ ኔትወርኩ ላይ ወይም ዘፈኑ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ገንዘቡ ወጥቶ፣ አዲሱ ዕቃ ተገጥሞ፣ ያው የድሮው ድምፅ አብሮን ወደ ቤት ይመለሳል።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የዚህ ወር አምዳችን ምክርም ይኸው ነው፦ ጥፋቱ የት እንዳለ ሳያውቁ ምንም ዕቃ አይግዙ። ለማወቅ የሚያስፈልግዎት አንድ ፍላሽ፣ በደንብ የሚያውቁት አንድ ዘፈን እና ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ድምፁ የሚያልፍባቸው አምስት በሮች

ሙዚቃው ጆሮዎ እስኪደርስ አምስት በሮችን ያልፋል። አንደኛው የዘፈኑ ፋይል ራሱ ነው። ሁለተኛው ዘፈኑን የሚያጫውተው አፕና ኢንተርኔቱ ነው። ሦስተኛው ስልኩና ሴቲንጉ ነው። አራተኛው በስልኩና በቴፑ መካከል ያለው የብሉቱዝ ግንኙነት ነው። አምስተኛው ደግሞ ቴፑ፣ ሽቦውና ስፒከሩ ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ላይ የተበላሸን ድምፅ ቀጥሎ ያለው በር አያስተካክለውም። ፋይሉ መጥፎ ከሆነ ውዱ ስፒከር መጥፎነቱን አጉልቶ ያሰማዎታል እንጂ አያድነውም።

ብሉቱዝን ራሱን ያለ ጥፋቱ መክሰስም የተለመደ ነው። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ነው። ሙዚቃ በሚያስተላልፍበት መንገድ ይህንን ሞገድ በ79 ጠባብ መስመሮች ከፋፍሎ በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ መረጃ ያደርሳል። ዘፈኑም እንዳለ አይሄድም፤ ተጨምቆ ነው የሚሄደው። ሁሉም የብሉቱዝ ሙዚቃ ማጫወቻዎች የሚያውቁት ኤስቢሲ የተባለው የማመቂያ ዘዴ በጥሩ ደረጃው በሰከንድ 328 ኪሎቢት ያህል ያስተላልፋል። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ነው። ልዩነቱ በቁጥር ትልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማው በሚያጉረመርምበት፣ መስኮቱ በተከፈተበት መኪና ውስጥ ሁሉም ነገር በትክክል ሲሠራ አብዛኛው ሰው ልዩነቱን አይለየውም። ስለዚህ ድምፁ እንደ ጣሳ የሚጮህ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ «ብሉቱዝ ሲባል እንዲሁ ነው» ብለው አይተዉት። አንድ የሚስተካከል ነገር አለ።

የፍላሽ ፈተና

መኪናውን ያቁሙ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ቴፑ እስኪበራ ድረስ ብቻ ያዙሩት። ስልክዎ ላይ በፋይል የተቀመጠ፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ የሚያውቁትን አንድ ዘፈን ይምረጡ። ያንኑ ፋይል ወደ ፍላሽ ይገልብጡት። መጀመሪያ ከፍላሹ ያጫውቱ፤ ከዚያ በተመሳሳይ የድምፅ መጠን በብሉቱዝ ያጫውቱ። የሚያገኙት መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው።

ከፍላሹ ጥሩ፣ በብሉቱዝ መጥፎ ከሆነ ስፒከሩና ሽቦው ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ስልኩ ወይም የብሉቱዝ ግንኙነቱ ላይ ነው። በሁለቱም መጥፎ ከሆነ ሌላ ጥሩ ፋይል ይሞክሩ፤ እሱም መጥፎ ከሆነ ነገሩ ወደ ቴፑና ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። በሁለቱም ጥሩ ከሆነ ደግሞ የሚያስቸግርዎት ኢንተርኔቱ ወይም ዘወትር የሚያዳምጡት የዘፈን ጥራት ነው። ቴፑ የፍላሽ ቀዳዳ ከሌለው ዘፈኑን ከስልኩ በኬብል ማዳመጫ ይስሙት፤ በጆሮዎ ጥሩ ሆኖ በመኪናው ከተበላሸ ፋይሉ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ሲቆራረጥ

የመቆራረጥ ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ወይ ኢንተርኔቱ ነው፣ ወይ ብሉቱዙ። ለመለየት ስልኩን አየር መንገድ የምንሳፈር ይመስል «ፍላይት ሞድ» ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ ብሉቱዝን ብቻ መልሰው ያብሩና ስልኩ ላይ የተቀመጠ ዘፈን ያጫውቱ። የሚቆራረጠው መኪናው ሲሄድ ብቻ ከሆነ ሌላ ሰው ስልኩን ይዞ፣ እርስዎ እየነዱ በተለመደው መንገድዎ ይፈትሹት።

አሁን ካልተቆራረጠ ብሉቱዙ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። መኪና ሲሄድ ስልኩ ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ከከተማ ሲወጡ ደግሞ ማማዎቹ ይራራቃሉ። መፍትሔው ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ምሽት ቤት ባለው ዋይፋይ ዘፈኖቹን ዳውንሎድ ማድረግ ነው። ፓኬጅም ይተርፍልዎታል።

አሁንም ከተቆራረጠ ግን ብሉቱዙን ይፈትሹ። ስልኩ የት ነው ያለው? የሰው ሰውነት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ይውጣል፤ በኋላ ኪስ ውስጥ ተቀምጠውበት ያለ ስልክ ወይም ከወንበር ሥር በቦርሳ ውስጥ የተቀበረ ስልክ ደካማ ሞገድ ነው የሚልከው። ዳሽቦርዱ አጠገብ በማስቀመጫ ላይ ያድርጉት። ቀጥሎ የባትሪ ቁጠባውን ይመልከቱ፤ አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ስክሪኑ ሲጠፋ ሙዚቃ የሚያጫውተውን አፕ ያዳክሙታል። ለዚያ አፕ ብቻ ቁጠባውን ያንሱለት።

በቤተሰብ መኪና የሚያጋጥም ሌላም ነገር አለ። ቴፑ የአባት ስልክ፣ የእናት ስልክ፣ የልጆች ታብሌትና ባለፈው ዓመት የተሸጠው ስልክ ሁሉ ተመዝግበውበታል። መኪናው በተነሣ ቁጥር ሁለት ሦስቱ ለመገናኘት ይሻማሉ። በቴፑ ላይ ያለውን ዝርዝር ይክፈቱና የማያስፈልጉትን ያጥፉ። የራስዎንም ስልክ ከቴፑም ከስልኩም ሰርዘው እንደ አዲስ ያገናኙት። ቀላል ሥራ ቢሆንም ብዙ ችግር የሚፈታው ይኼ ነው።

እንደ ስልክ ጥሪ ሲሰማ

ድምፁ አይቆራረጥም እንበል፤ ግን ጠባብ ነው፣ ባስ የለውም፣ ዘፋኙ በስልክ እየደወለ የሚዘፍን ይመስላል። ይህ ምልክት ነው። ብሉቱዝ ለሙዚቃና ለስልክ ጥሪ የተለያዩ መንገዶችን ይጠቀማል። የሙዚቃው መንገድ ሰፊ ነው፤ በግራና በቀኝ የተለያየ ድምፅ ያስተላልፋል። የጥሪው መንገድ ጠባብ ነው፤ የሰው ንግግር እንዲሰማ ብቻ የተሠራ በመሆኑ ሙዚቃ ሲያልፍበት ከላይም ከታችም ይቆረጣል።

በአንድሮይድ ስልክ ላይ የብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ከመኪናው ስም አጠገብ ያለውን የጥርስ ምልክት ይንኩ። «ሚዲያ ኦዲዮ» የሚለው መብራቱን ያረጋግጡ፤ «ኮልስ» ብቻ በርቶ ከሆነ በሽታው ተገኘ። እዚያው «ኤችዲ ኦዲዮ» የሚል ምርጫ ካለ ያብሩት። በአይፎን ደግሞ ከመኪናው ስም አጠገብ በክብ ውስጥ ያለችውን «አይ» ፊደል ይንኩና «ዲቫይስ ታይፕ» በሚለው ሥር «ካር ስቴሪዮ»ን ይምረጡ። ስልኩ ቴፑን እንደ ጆሮ ማዳመጫ ቆጥሮ ድምፁን ዝቅ እንዳያደርግብዎት ይረዳል። በተጨማሪም ማይክ የሚጠቀም አፕ ከኋላ ክፍት መሆን አለመሆኑን ይዩ፤ ማይኩ ከተያዘ ስልኩ ወደ ጥሪው መንገድ ሊሻገር ይችላል።

ሲሳሳ ወይም ሲሰነጠቅ

ሁለት የድምፅ ቁልፎች እንዳሉ አይርሱ፤ አንዱ ስልኩ ላይ፣ አንዱ ቴፑ ላይ። በአንዳንድ መኪኖች ሁለቱ ተያይዘው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። በሌሎቹ ግን ለየብቻ ናቸው። የስልኩ ድምፅ ግማሽ ላይ ሆኖ ቴፑን እስከ ጥግ ከከፈቱት ደካማውን ሙዚቃ ከነ«ሽ...» ድምፁ ያጎሉታል። የስልኩን ከ80 እስከ 90 በመቶ ድረስ ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ በቴፑ ቁልፍ ብቻ ይቆጣጠሩ።

ከፍ ሲል የሚሰነጠቅ ከሆነ ባሱን ይጠርጥሩ። አፑ ላይ ባስ ተጨምሯል፣ ስልኩ ላይ ሌላ ማጉያ አለ፣ ቴፑም ላይ «ኤክስትራ ባስ» በርቷል። ሦስት ሰው በየተራ ጨው የጨመረበት ወጥ ማለት ነው። ሁሉንም ወደ ዜሮ ይመልሱና በቴፑ ላይ ብቻ በጥቂቱ ያስተካክሉ። ባላንሱና ፌደሩም መሐል ላይ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ ልጆች ሲጫወቱበት ድምፁ ሁሉ ወደ አንድ በር ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ዕቃ

ብሉቱዝ የሌለው ቴፕ ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካውን ኤፍኤም ትራንስሚተር ይጠቀማሉ። ርካሽ ነው፣ ስልክም ቻርጅ ያደርጋል። እዚህ ላይ ግን ሙዚቃው ሁለት ጊዜ አየር ላይ ይወጣል፤ ከስልኩ ወደ ዕቃው በብሉቱዝ፣ ከዕቃው ወደ ቴፑ በኤፍኤም። ሁለተኛው ጉዞ ነው የሚያስቸግረው። የዕቃው ሞገድ እጅግ ደካማ ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ በጣቢያዎች የተሞላ ነው። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 እያሉ ይቀጥላሉ። ዕቃዎን ለአንዱ ጣቢያ በቀረበ ቁጥር ላይ ካደረጉት ዘፈንዎ መሐል ዜና አንባቢ ይገባበታል።

ቴፑን ብቻ ከፍተው ሙሉ በሙሉ «ሽ...» የሚል፣ ማንም የማይናገርበት ቁጥር ይፈልጉ፤ ዕቃውንም በዚያው ላይ ያድርጉት። ከከተማ ሲወጡ ሌላ ቁጥር ሊያስፈልግዎ ይችላል። ከጃፓን የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ለዓመታት ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ቴፖች ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው የሚይዙት። ትራንስሚተሮቹ በአብዛኛው ከ87.5 ስለሚጀምሩ ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለው ጠባብ ቦታ ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያ እንዲይዝልዎ ኤክስፓንደር ያስገቡ እንደሆነም ቴፑ ላይ የሚነበበው ቁጥርና እውነተኛው ቁጥር አይገጥሙም፤ በጆሮ ይፈልጉት እንጂ ቁጥሩን አይመኑት።

ቴፑ የ«ኦክስ» ቀዳዳ ካለው ትራንስሚተሩን ትተው እዚያ ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ መጠቀም ብዙ ጊዜ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። ሙሉ ቴፕ ከመቀየርም በእጅጉ ይረክሳል።

ከሞተሩ ጋር የሚጮኸው

ሞተሩ ሲነሣ «ዊ...» የሚል ቀጭን ጩኸት ይጀምራል፤ ነዳጅ ሲረግጡ ይወጣል፣ ሲለቁ ይወርዳል። ይህ የብሉቱዝ አይደለም፤ ከመኪናው ኤሌክትሪክ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው መቀበያው ከሲጋራ መለኮሻው ኃይል እየወሰደ በኬብል ኦክስ ላይ ሲሰካ ነው። ቻርጀሩን ይንቀሉና ያዳምጡ። ጩኸቱ ከጠፋ መፍትሔው ሁለት ነው፤ የራሱ ባትሪ ያለው መቀበያ መጠቀም፣ ወይም በኦክስ ኬብሉ መሐል የሚገባ «ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር» የተባለ ትንሽ ዕቃ መግዛት። ቻርጀሩ ተነቅሎም ካልጠፋ የቴፑን የመሬት ሽቦ ኤሌክትሪሺያን ይይልዎ።

ጥፋቱ የዘፈኑ ሲሆን

በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ዘፈኖች አንዴ ተጨምቀው፣ እንደገና በሌላ ሰው ተቀይረው፣ ለሦስተኛ ጊዜ የተጨመቁ ሊሆኑ ይችላሉ። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይጠፋል፤ የጠፋው አይመለስም። የአንድ አራት ደቂቃ ዘፈን ፋይል አንድ ሜጋባይት ብቻ ከሆነ ብዙ አይጠብቁ፤ በሰከንድ 320 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 ለዚያው ርዝመት ወደ 10 ሜጋባይት ይጠጋል። ነገር ግን የፋይሉ ትልቅነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ መጥፎ ፋይልን አስፍቶ ማስቀመጥ ጥራቱን አይመልስም። ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚያዳምጡ ከሆነ በአፑ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ጥራቱን ይመልከቱ። ብዙ አፖች በሞባይል ዳታ ላይ ሲሆኑ ዳታ ለመቆጠብ ጥራቱን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ የዋይፋይና የሞባይል ዳታ ምርጫው ለየብቻ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ይዩ።

ወላጆችዎ የሚወዷቸው የድሮ ዘፈኖች ደግሞ የተለየ ጉዳይ ናቸው። የጥላሁን ገሠሠና የብዙነሽ በቀለ ዘመን ሥራዎች ብዙዎቹ ዛሬ የምንሰማቸው ከሸክላ ወይም ከካሴት ተገልብጠው ነው። ከዘፈኑ በስተጀርባ ያለው «ሽ...» ድምፅ የካሴቱ ነው። እናትዎን ከጎን አስቀምጠው ያንን ዘፈን ሲከፍቱ ድምፁን ለማጥራት ብለው ቀጭኑን ድምፅ በሙሉ አይቁረጡት፤ ከሽታው ጋር የዘፋኙም ትንፋሽ አብሮ ይሄዳል። በጥቂቱ ብቻ ዝቅ ያድርጉ። መኪናዎ የሚመረመረውም በእነዚህ ሳይሆን በአዲስ፣ በጥሩ ጥራት በተቀዳ ዘፈን ነው።

ወደ ባለሙያ መቼ?

የፍላሽ ፈተናውም ሲወድቅ ወደ ባለሙያ ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት በባላንስና በፌደር ድምፁን ወደ አራቱ ማዕዘን በየተራ ይላኩት። አንዱ በር ላይ ብቻ የሚንጫጫ ወይም የሚታፈን ከሆነ ያ ስፒከር ወረቀቱ ተቀዶ ወይም ሽቦው ላልቶ ሊሆን ይችላል። በሩ ሲርገበገብ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ ከስፒከሩ ሳይሆን ከላላ ፕላስቲክ ወይም በበሩ ኪስ ካለ ሳንቲም ይመጣል፤ እጅዎን ጭነው ይሞክሩት። ባለሙያው ዘንድ ሲደርሱ «ድምፁ መጥፎ ነው» አይበሉ፤ «በፍላሽም በብሉቱዝም የፊት ግራው ብቻ ይሰነጠቃል» ይበሉ። አራት ስፒከር ሊሸጥልዎት የነበረው ሰው አንዱን ብቻ ይፈታል።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ መኪና የሚሄዱ አንባቢዎቻችን በርክተዋል። የእነዚህ መኪኖች ሞተር ድምፅ ስለሌለው በነዳጅ መኪና ውስጥ የማይሰማ ትንሽ ጉድለት በግልጽ ይሰማል። ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጡት አንዳንዶቹ ስክሪናቸው በቻይንኛ በመሆኑም የድምፅ ሴቲንጉ ሳይነካ ይቀራል። የስልክዎን የትርጉም አፕ በካሜራ ስክሪኑ ላይ ቢያነጣጥሩ የጽሑፉን ትርጉም ያሳይዎታል። መኪናው አፕል ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ አውቶ ካለው ደግሞ በጥሩ የዩኤስቢ ኬብል ያገናኙት፤ ሙዚቃው በብሉቱዝ መሄዱ ይቀርና በኬብሉ ይሄዳል።

መሪ ይዘው አይሞክሩት

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚሠራው መኪናው ቆሞ ነው። እየነዱ ስልክ መነካካት ያስቀጣል፤ ቅጣቱ ግን ትንሹ ነገር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከ33 ሜትር በላይ ይጓዛል። «ይሄ ብሉቱዝ ምን ሆነ?» ብለው ዓይንዎን ወደ ስክሪኑ በጣሉበት ቅጽበት መኪናው ያንን ሁሉ መንገድ ያለ ሹፌር ሄደ ማለት ነው። ያ ርቀት አንድ ሕፃን መንገድ ለመሻገር ይበቃዋል።

ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት የዘፈን ዝርዝሩን ያዘጋጁ፤ ሙዚቃውንም ከጎን ለተቀመጠው ሰው ይስጡ። ትልቁ ልጅ ከኋላ ሆኖ ተራ በተራ የሁሉንም ምርጫ ቢያስገባ ክርክሩም ይቀንሳል። ከተቆራረጠ ይቆራረጥ፤ ወይም ዝም ይበል፤ ማቆሚያ ቦታ ሲያገኙ ያስተካክሉታል። የድምፁ ከፍታም የአምቡላንስ ጩኸትና የሌላ መኪና ክላክስ የሚያሰማ ይሁን።

በዚህ ወር ሌላ ምንም ባያደርጉ የማይጠቀሙባቸውን ስልኮች ከቴፑ ዝርዝር ላይ ያጥፉ፣ ሴቲንጉን ይመልከቱ፣ አንድ ፍላሽ ላይ ጥሩ ጥሩ ዘፈኖችን ጭነው ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ያስቀምጡ። ፍላሹ መመርመሪያም፣ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ስንቅም ይሆንዎታል። ለአዲስ ቴፕ ያሰቡት ገንዘብም ምናልባት ለአራት ጥሩ ጎማ ይተርፋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ መልካም ጉዞ። ቸር ይግጠመን።